የጥንት ግሪክ ኪነ ሕንፃን ከነዛሬ አሻራው ማስተማር፦ ለመምህራን ዝርዝር መመሪያ

ስለ ጥንት ግሪክ ኪነ ሕንፃ ሲያስተምር አብዛኛው መምህር በሦስት የዓምድ ስልቶች ስም ይጀምራል። ዶሪክ፣ አዮኒክ፣ ኮሪንቲያን። ተማሪው ይጽፋል፣ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ያሰፍራል፣ ከዚያ ይረሳል። በዓመቱ ብትጠይቁት አንዱን ከሌላው አይለይም።

እኔ የምመክረው ከሌላ በኩል መግባትን ነው። ተማሪው መጀመሪያ ድንጋይ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በገዛ እጁ ይወቅ። ያን ካወቀ ዓምዶቹ ለምን እንደወፈሩ፣ ለምን ተጠጋግተው እንደቆሙ ራሱ ይደርስበታል። ስሞቹ ከዚያ በኋላ ሲመጡ ትርጉም ይኖራቸዋል።

መመሪያው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሚሆን ነው። ታሪክ፣ ሥነ ጥበብ ወይም ሒሳብ የምታስተምሩ ሁሉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በውጭ አገር ቅዳሜና እሁድ ልጆች የምታስተምሩ ወላጆችም እንደዚሁ። ባለ 40 ደቂቃ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ፕሮጀክተር የግድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ያገለገለ ወረቀት፣ ፕላስተር፣ ረጅም ገመድ፣ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የልብስ ሳሙናና አሮጌ ማንኪያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለተማሪዎቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ካልሆነ ግራ ይጋባሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አንድ ሕንፃ ምረጡ

አሥር ቤተ መቅደስ በጥድፊያ ከማሳየት አንዱን ደህና አድርጎ ማሳየት ይሻላል። ምርጫዬ ፓርተኖን ነው። አቴንስ ውስጥ፣ አክሮፖሊስ በተባለው ኮረብታ ላይ ይገኛል። ግንባታው የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ነው። ቅርጻ ቅርጹ ሁሉ አልቆ የተጠናቀቀው በ432 ነው። የከተማዋ መሪ ፔሪክሊስ ነበር። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ናቸው፤ የቅርጻ ቅርጹን ሥራ የመራው ደግሞ ፊዲያስ ነው። ዕብነ በረዱ የመጣው ከከተማዋ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው የፔንዴሊ ተራራ ነው።

ዘመኑን ለማስጨበጥ አንድ የሚያውቁት ነገር አለ። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ሐዋርያው ጳውሎስ የተናገረበት አርዮስፋጎስ ከዚሁ ኮረብታ አጠገብ ነው። ጳውሎስ እዚያ ሲደርስ ፓርተኖን ካለቀ 480 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ይህን ስትነግሯቸው ቀኑ ቁጥር ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ጠመኔ ስበሩ

ከሁሉም ደረጃዎች አጥብቄ የምይዘው ይህን ነው። ሌላውን ቢያጥራችሁ ዝለሉ፤ ይህን ግን አትዝለሉ።

ለሁለት ለሁለት ተማሪ አንድ አንድ ሙሉ ጠመኔ ስጡ። መጀመሪያ ጠመኔውን ዴስኩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙትና በመዳፋቸው ወደ ታች ይጫኑት። አይሰበርም። ጠንከር አድርገው ይጫኑ፤ አሁንም ይችላል። ቀጥሎ ሁለት ደብተር አራርቀው ያስቀምጡና ጠመኔውን በላያቸው አጋድመው ድልድይ ያድርጉት። አሁን መሃሉን በአንድ ጣት ይጫኑት። ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል።

እዚህ ጋ አስቁሟቸውና ጠይቁ፦ ያው ጠመኔ፣ ያው እጅ፤ ለምን ቆሞ ቻለ፣ ተጋድሞ ተሰበረ? ወዲያው አትመልሱላቸው። ይከራከሩ። አንድ ሁለት ጠመኔ ጨምራችሁ ስጧቸውና ስንጥቁ ከላይ ወይስ ከታች እንደሚጀምር አቀርቅረው ይዩ። ጎበዝ ተማሪ ከታች መሆኑን ያያል። ያኔ አስረዱ። የተጋደመ ነገር ሲጫኑት ላዩ ይጨመቃል፣ ታቹ ይለጠጣል። ድንጋይ መጨመቅን በደንብ ይችላል፤ መለጠጥን ግን አይችልም። ጠመኔም እንደዚሁ ነው።

አሁን ደብተሮቹን አቀራርበው ይሞክሩት። ጠመኔው ለመስበር በጣም ያስቸግራል። በቃ፣ የግሪኮቹ መልስ ይህ ነው። በላይ የሚጋደመው ድንጋይ እንዳይሰበር ዓምዶቹን አጠጋጓቸው። የፓርተኖን ዓምድ ግርጌው ላይ ስፋቱ 1.9 ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ዓምድ መሃል እስከ ሌላው መሃል ያለው ርቀት 4.3 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ሰው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ 2.4 ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ስሌቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥሩት።

ክፍል ውስጥ አባቱ ወይም አጎቱ ግንባታ ላይ የሚሠራ ልጅ አይጠፋም። እሱን ጠይቁት፦ ቢም ሲሞላ ወፍራሙ ፌሮ የሚደረደረው ከላይ ነው ከታች? በሁለት ኮለን መካከል ለሚዘረጋ ቢም ዋናው ፌሮ መሃሉ ላይ ከታች በኩል ነው የሚሄደው። ምክንያቱን ጠመኔው አሳይቷቸዋል፤ የሚለጠጠው ታችኛው ክፍል ስለሆነ ነው። ብረት ደግሞ መለጠጥን ይችላል። የዛሬ ኮለኖች አምስት ስድስት ሜትር ተራርቀው መቆም የቻሉት በዚህ ነው። ጥንቱንና ዛሬን የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ጊዜ ከተረፈ አንድ ነገር ጨምሩ። ወረቀት ጠቅልለው በፕላስተር ያያይዙና ዓምድ ያድርጉት። አንዱ ቡድን ክብ፣ ሌላው ባለ አራት ማዕዘን፣ ሌላው ባለ ሦስት ማዕዘን ይሥራ። በላዩ ደብተር በደብተር ይደራርቡበት። የትኛው ቅርጽ ብዙ እንደቻለ ሰሌዳ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ፓርተኖንን ሜዳ ላይ አቁሙ

የፎቶ ችግሩ መጠን አያሳይም። ስለዚህ ወደ ሜዳ ውጡ።

ዓምዶቹ የቆሙበት ወለል 69.5 በ30.9 ሜትር ነው። ይህን በገመድ መሬት ላይ አውጡት። ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚጠቀሙበትን የ3፣ 4፣ 5 ሜትር ዘዴ ተጠቀሙ። የሒሳብ መምህሩ ፓይታጎራስን እዚሁ ሜዳ ላይ ቢያስተምር ደስ ይለዋል። ሜዳችሁ ጠባብ ከሆነ ሁሉንም በግማሽ አድርጉት። 34.75 በ15.45 ሜትር ይሆናል።

ከዚያ ጠይቁ፦ ፊት ለፊት 8 ዓምድ፣ ጎን 17 ዓምድ ካለው ዙሪያውን ስንት ዓምድ አለው? ከፊሉ ተማሪ በፍጥነት 50 ይላል። አትፍረዱ፤ ይቁሙና ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓምድ ሆኖ ቦታውን ይያዝ። አራቱ የማዕዘን ዓምዶች ሁለቴ እንደተቆጠሩ ያኔ ይገባቸዋል። ትክክለኛው መልስ 46 ነው። ተማሪ የበዛበት ክፍል እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ 50 ተማሪ ካላችሁ ፓርተኖን ሞልቶ አራት ይተርፋል። የተረፉት ቃኚ ይሁኑ፤ ርቀቱን ሜትር ይዘው ያስተካክሉ።

አንድ ጥግ ላይ 1.9 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሳሉና ስንት ተማሪ ውስጡ እንደሚቆም ይዩ። ይህ የአንድ ዓምድ ግርጌ ነው። ቁመቱ 10.4 ሜትር ነው፤ ከባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ብዙ አያንስም። እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። ክብ ክብ ድንጋዮች እርስ በርስ ተደራርበው፣ መሃላቸው ላይ በገባ የእንጨት ማያያዣ ተስተካክለው የቆሙ ናቸው። በስሚንቶ የተጣበቀ ነገር የለም። ሌሎቹ የግድግዳ ድንጋዮች በብረት ማያያዣ ተቆላልፈዋል፤ ብረቱ እንዳይዝግ ዙሪያው ቀልጦ በፈሰሰ እርሳስ ተሸፍኗል።

ወደ ክፍል ስትመለሱ በስልክ ካልኩሌተር 30.9ን ለ69.5 ያካፍሉ። 0.4446 ይመጣል። 4ን ለ9 ሲያካፍሉ 0.4444 ነው። ስፋቱ ለርዝመቱ 4 ለ9 ነው ማለት ነው። ይህ ምጥጥን በሕንፃው ውስጥ ሌላ ቦታም ይደጋገማል። ይህን ልብ በሉ፤ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ፓርተኖን በወርቃማው ምጥጥን ተሠራ የሚል ነገር ሞልቷል። ወርቃማው ምጥጥን 0.618 ነው። ልኬቱን በእጁ ያሰላ ተማሪ እንዲህ ያለውን ወሬ ዝም ብሎ አይቀበልም። ለዚህ ብቻ እንኳ ክፍለ ጊዜው ዋጋ አለው።

ሜዳ ላይ ሳላችሁ አንድ ነገር አክሉ። ቤተ መቅደሱ ምእመናን የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አልነበረም። ውስጡ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የተሠራው፣ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል የነበረው አቴና የተባለችው ሴት አምላክ ምስል ማደሪያ ነበር። ከኋላ ያለው ክፍል የከበረ ንብረት ይቀመጥበት ነበር። መሥዋዕት የሚቀርበው ደጅ ነው። ሕንፃው በውጭ በኩል ይህን ያህል ያጌጠው ሰው የሚያየው ከውጭ ስለነበረ ነው።

ደረጃ 3፦ ከእንጨት ወደ ድንጋይ

በዶሪክ ቤተ መቅደስ ከዓምዶቹ በላይ አንድ ተደጋጋሚ ጌጥ አለ። ሦስት ቀጥ ያሉ ሽንሽኖች ያሉት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከዚያ ባዶ ወይም ቅርጽ ያለበት ሰሌዳ፣ እንደገና ባለ ሽንሽኑ ድንጋይ። ከዘመናት በፊት ጀምሮ የቀረበው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ የድሮዎቹ ቤተ መቅደሶች ከእንጨት ነበሩ፣ ሽንሽኖቹም የጣሪያ አግዳሚ እንጨቶች ጫፍ ትዝታ ናቸው። ከሥራቸው የተንጠለጠሉት ትንንሽ የድንጋይ ጉብታዎችም የእንጨት ችንካሮችን ያስታውሳሉ።

ለኢትዮጵያ ተማሪ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። የአክሱም ሐውልቶችን ያስታውሱ። ትልልቆቹ ላይ የተቀረጹት በሮች፣ መስኮቶችና ክብ ክብ የእንጨት ጫፎች አሉ፤ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ እንጨት ነው። እውነተኛውን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ለማየት ላስታ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አሳዩ። ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን ሲያዩ ሐሳቡ ወዲያው ይገባቸዋል።

ግን ተጠንቀቁ። ይህ መመሳሰል እንጂ መወራረስ አይደለም። አክሱም ከግሪክ ቋንቋ ጋር እውነተኛ ግንኙነት ነበራት። የንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፍ በግሪክኛም ተቀርጿል፤ የአክሱም ሳንቲሞች ላይም የግሪክ ፊደል አለ። ግንባታው ግን የራሷ ነው። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያውን ዓምድ ስላለው ብቻ የግሪክ ቤተ መቅደስ ግልባጭ አድርጎ የሚያቀርብ ቱሪስት ወይም መምህር ያጋጥማችኋል። ዓምድ ያለው ሁሉ የግሪክ አይደለም። ግብፆች ከግሪኮች በብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው የድንጋይ ዓምድ አቁመዋል። ይህን ነጥብ አሁኑኑ አስጨብጧቸው፤ ደረጃ 6 ላይ ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ አሁን ስሞቹ ይምጡ

ዶሪክ፦ ከወለሉ በቀጥታ ይነሳል፣ ከሥሩ መቀመጫ የለውም። ራሱ ቀላል ነው፣ ክብ ትራስና በላዩ አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ድንጋይ። በተለምዶ ከላይ እስከ ታች 20 ቦዮች ተፈልፍለውበታል።

አዮኒክ፦ መቀመጫ አለው። ቀጠን ይላል። ራሱ ላይ ግራና ቀኝ የተጠቀለሉ ሁለት ጥምዝ ቅርጾች አሉ። ቦዮቹ 24 ናቸው። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ሁከት የተነሳባት የኤፌሶኗ አርጤምስ ቤተ መቅደስ የዚህ ስልት ነበር።

ኮሪንቲያን፦ ስሙ ከቆሮንቶስ ከተማ ነው። ራሱ በቅጠል የተከበበ ነው። ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ የጻፈው ታሪክ አለ። በቆሮንቶስ አንዲት ልጃገረድ ሞተች። ሞግዚቷ የምትወዳቸውን ዕቃዎች በቅርጫት አድርጋ መቃብሯ ላይ አኖረች፣ በላዩም ሸክላ ከደነችበት። በጸደይ የአካንተስ ተክል ከሥሩ በቅሎ ቅርጫቱን ዙሪያውን አቀፈው። ካሊማከስ የተባለ ቀራጺ ሲያልፍ አየውና የዓምዱን ራስ በዚያ አምሳል ሠራ። እውነት ይሁን ተረት ማረጋገጥ አይቻልም፤ ልጆች ግን ይህን ታሪክ ሰምተው ኮሪንቲያንን አይረሱም። በደጋው አጥር ላይ የሚበቅለው ቀይ አበባ ያለው እሾሃማው ኮሸሽላ የአካንተስ ወገን ነው። ቅጠሉን አምጥተው ከዓምዱ ራስ ፎቶ ጋር ያስተያዩት። እጃቸውን እንዳይወጋቸው ብቻ አስጠንቅቁ።

ከዚያ ሳሙናውን አውጡ። እያንዳንዱ ቡድን አንዱን ስልት መርጦ በማንኪያ እጀታ ይቅረጽ። ዶሪክ የመረጡት ቶሎ ይጨርሳሉ። ኮሪንቲያን የመረጡት ደግሞ ይለፋሉ። ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ ከተማችሁ ገንዘብ ቢያጥራት የትኛውን ትሠራላችሁ?

ሦስቱን እንደ ደረጃ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንደተተካ አድርጋችሁ አታስተምሩ። ፓርተኖን ራሱ ከውጭ ዶሪክ ሆኖ ውስጡ አዮኒክ ነገር አለው። ግድግዳውን ከላይ የዞረው 160 ሜትር ርዝመት ያለው ተከታታይ ቅርጽ የአዮኒክ ልማድ ነው።

ደረጃ 5፦ ዓይን፣ ቀለምና የሠራተኛው ደመወዝ

እዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ሦስት አጫጭር ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ መስመሮቹ ነው። ፓርተኖን ላይ ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ወለሉ መሃሉ ላይ ከፍ ይላል፤ በረጅሙ ጎን 11 ሴንቲ ሜትር፣ በአጭሩ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በወለሉ አንድ ጫፍ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከድንጋዩ ጋር ያስተካከለ ሰው በሌላው ጫፍ መሬት ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ አያይም። ዓምዶቹ ወደ ውስጥ በጥቂቱ ያዘነብላሉ፣ ሆዳቸው በትንሹ ይወጣል፣ የማዕዘኖቹ ደግሞ ከሌሎቹ ይወፍራሉ። ለምን? አንዱ መልስ የዓይንን ስህተት ለማረም ነው ይላል። ሌላው የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ነው ይላል። ሕንፃው ሕይወት እንዲኖረው ነው የሚልም አለ። ለተማሪዎቹ ሦስቱንም ስጧቸውና ይምረጡ።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ዛሬ ነጭ ሆኖ የምናየው ሕንፃ ቅርጻ ቅርጹና የላይኛው ክፍሉ በቀይ፣ በሰማያዊና በሌላም ቀለም ያጌጠ ነበር። የፊት ለፊቱን ሥዕል አባዝታችሁ አድሉና ይቀቡት።

ሦስተኛው ሰዎቹ ናቸው። ፓርተኖን አጠገብ ያለው የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ የግንባታ ሒሳብ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ቆይቶናል። እዚያ ላይ የአቴንስ ዜጋ፣ መጤ ነዋሪና ባሪያ ጎን ለጎን ሲሠሩ እናያለን። ለተመሳሳይ ሥራ የቀን ሒሳባቸው አንድ ድራክማ ነው። የባሪያው ድራክማ ማን ኪስ ይገባ ነበር? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቹ ተዉላቸው። ሌላም አለ። አቴንስ በዚያን ጊዜ ከአጋር ከተሞች ለጦርነት የሚዋጣ ገንዘብ ትሰበስብ ነበር፤ ግምጃ ቤቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ454 ወደ ከተማዋ ተዛውሯል። የሌሎችን መዋጮ ለራስ ጌጥ ማዋል ነውር ነው ብለው ፔሪክሊስን የተቃወሙት አቴናውያን ራሳቸው ነበሩ።

ደረጃ 6፦ ወደ ዛሬው ዓለም

በዩኔስኮ አርማ ጀምሩ። ከአክሱም፣ ከላሊበላና ከፋሲል ግቢ ጋር ስሙ የሚነሳው ይህ ድርጅት አርማው የግሪክ ቤተ መቅደስ ፊት ነው። የስሙ ስድስት የላቲን ፊደላት ዓምዶቹን ሆነው ቆመዋል። ሰሌዳ ላይ ሳሉትና ደረጃውን፣ ዓምዱን፣ ሦስት ማዕዘን ግንባሩን ያሳዩ። ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በፊት አይተውት አስተውለው አያውቁም።

ከዚያ መንገዱን በካርታ አሳዩ። ሮማውያን የግሪክን ዓምድ ወሰዱ፣ የራሳቸውን ቅስት፣ ጉልላትና ኮንክሪት ጨመሩበት። የአውሮፓ ሊቃውንት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጥንቱን ኪነ ሕንፃ ሲያነሱ የተማሩት በዋናነት ከሮም ፍርስራሽና ከቪትሩቪየስ ጽሑፍ ነው። ግሪክ በኦቶማን ግዛት ሥር ስለነበረች አቴንስን በዓይኑ ያየው ጥቂት ነው። በ1751 ስቱዋርትና ሬቬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አቴንስ ገብተው ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ሥዕላቸው ከ1762 ጀምሮ ሲታተም ግሪክን መምሰል ፋሽን ሆነ።

ለምሳሌ የሚሆኑ ጥቂት ሕንፃዎች እነሆ። የበርሊኑ ብራንደንቡርግ በር በ1791 ሲያልቅ 12 ዶሪክ ዓምዶች ነበሩት፤ የተቀዳው ከአክሮፖሊስ መግቢያ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ በ1824 ያለቀው የአሜሪካ ሁለተኛው ባንክ የፓርተኖንን ፊት ይዟል። የብሪቲሽ ሙዚየም ፊት አዮኒክ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1935 የተከፈተው በኮሪንቲያን ዓምዶች ነው። ናሽቪል ደግሞ ፓርተኖንን በሙሉ መጠኑ ሠርታለች፤ በ1897 ለኤግዚቢሽን፣ በኋላም በኮንክሪት አድሳ በ1931 ጨርሳለች።

እያንዳንዱን ስታሳዩ "ይህ ዓምድ ምን ይሸከማል?" እና "ባለቤቱ ምን እንድናስብ ፈለገ?" ብላችሁ ጠይቁ። ባንክ የቤተ መቅደስ ፊት የሚለብሰው ገንዘባችሁ አይጠፋም ለማለት ነው። ፍርድ ቤት የሚለብሰው ፍርዳችን ጥንታዊና የማይነቃነቅ ነው ለማለት ነው።

ዓምድ ማለት ዲሞክራሲ ነው ብላችሁ ግን አትጨርሱት። በአሜሪካ ደቡብ በባርነት ጉልበት የበለጸጉ የእርሻ ጌቶች ቤታቸውን በግሪክ ዓምድ አሳምረዋል። የናዚ መንግሥት በ1937 ሙኒክ ላይ የከፈተው የሥነ ጥበብ አዳራሽም ረጅም የዓምድ ድርድር አለው። ዓምድ ሥልጣን ለሚፈልግ ሁሉ ያገለግላል። ተማሪው ይህን ካልሰማ የተማረው ግማሹን ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ወጥተው ይፈልጉ

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ሰፈር ውስጥ ያሉ ቪላዎችን የበረንዳ ዓምድ ይዩ። ብዙዎቹ የዓምድ ራስ አላቸው፤ ቅጠልም ጥምዝም የተቀላቀለበት። ተማሪው ይሳለው፣ ከሦስቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ ይጻፍ። ባለቤቱ ከፈቀደ በጣቱ ያንኳኳው። ክፍት ድምፅ ከሰጠ በጂፕሰም የተለበጠ ጌጥ ነው፤ ሸክሙን የያዘው ውስጡ ያለው የአርማታ ኮለን ነው። ባንክና የመንግሥት ሕንፃ አካባቢ ፎቶ አታስነሷቸው፤ ጥበቃዎች ይቆጣሉ። በእርሳስ መሳል ይሻላል፣ ዓይንም ይሠለጥናል።

ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ ወላጆች ደግሞ የሊንከን መታሰቢያ አለላችሁ። መግቢያው በነፃ ነው። በ1922 የተመረቀ ነው፤ አርክቴክቱ ሄንሪ ቤከን ነው። ዙሪያውን የቆሙት 36 ዶሪክ ዓምዶች ሊንከን ሲሞት የነበሩትን 36 ግዛቶች ይወክላሉ። ልጆቹን ከግሪክ ቤተ መቅደስ የሚለይበትን ነገር አስፈልጓቸው። አንደኛ፣ ሦስት ማዕዘን ግንባር የለውም። ሁለተኛ፣ መግቢያው በረጅሙ ጎን ነው፤ የግሪክ ቤተ መቅደስ መግቢያው በአጭሩ ጎን ነው። ከዚያ ወደ ካፒቶል ዞረው ጉልላቱን ይዩ። ግሪክ ነው? አይደለም፣ ጉልላቱ የሮም ውርስ ነው፤ የተሠራውም ከብረት ነው።

ደረጃ 8፦ የሙግት ክፍለ ጊዜ

በ1687 ኦቶማኖች ፓርተኖን ውስጥ ባሩድ አከማችተው ሳለ የቬኒስ ጦር መድፍ መታው። ጣሪያው ተበተነ፣ ብዙ ዓምዶች ወደቁ። ከ1801 ጀምሮ የእንግሊዙ አምባሳደር ሎርድ ኤልጊን ከተረፈው ቅርጻ ቅርጽ ግማሽ ያህሉን አስነቅሎ ወሰደ። ከ1816 ጀምሮ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። ግሪክ ይመለስልኝ ትላለች፤ ለዚህም በ2009 የተከፈተው አዲሱ የአክሮፖሊስ ሙዚየም ቦታ አለው።

ክፍሉን ለሁለት ክፈሉ። ብሪቲሽ ሙዚየምን ወክሎ የሚከራከረው ቡድን ጠንካራ ተማሪዎች ይኑሩት፤ የእኛ ልጆች ስሜታቸው ወደ ግሪክ እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ምክንያቱም የአክሱም ሐውልት ታሪክ አለ። በ1937 ወደ ሮም ተወሰደ፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 ቦታው ላይ ቆመ። ይህን ምሳሌ ማንሳት ለሁለቱም ወገን ተፈቅዷል። ግን ልዩነቱንም ይናገሩ፦ ኤልጊን ከኦቶማን ባለሥልጣናት ፈቃድ አግኝቻለሁ ብሏል፤ ሐውልቱ ግን በወረራ ጊዜ የተወሰደ ነው።

ደረጃ 9፦ ምዘና

"ሦስቱን የዓምድ ስልቶች ዘርዝር" የሚል ጥያቄ አታውጡ። ተማሪው ከዚህ በፊት ያላየውን የሦስት ሕንፃ ሥዕል ስጡት። አንዱ የግሪክ ዓምድ ያለው፣ ሁለተኛው የሮማ ቅስት ወይም ጉልላት ያለው፣ ሦስተኛው ዓምድ ኖሮት ከግሪክ ጋር የማይገናኝ ይሁን፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም ለዚህ ጥሩ ነው። የትኛው ምን እንደሆነ ይጻፍ፣ ምክንያቱን ሥዕሉ ላይ በቀስት ያመልክት። አንድ የጠመኔ ጥያቄም ጨምሩ፦ የድንጋይ አግዳሚ በ8 ሜትር ርቀት በሁለት ዓምድ ላይ ቢጫን የት ይሰነጠቃል፣ ለምን?

ነጥብ ስትሰጡ ከ10ው 4 ለመልሱ፣ 6 ለምክንያቱ ይሁን። መልሱን ስቶ ምክንያቱን ካየው ነገር ተነስቶ ያስረዳ ተማሪ፣ በግምት ትክክለኛውን ከጻፈው የበለጠ ነጥብ ይገባዋል።